የምግቡ ረድፍ

ረውዳ ቶፊቅ። ዕድሜ፣ አሥራ አራት። ቁመት፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ።
አድራሻ፣ ድሬዳዋ፣ መጋላ፣ ከአባቷ ዳቦ ቤት ደጅ።

ካርዷን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ከሰባት ዓመት በፊት፣
ሽንቷን ጉንዳን ወርሮት፣ እናቷ አዝላት በመጣች ሌሊት።
መርፌውን በብርቱካን ልጣጭ አስተማርኳት፣
ሆድሽ ላይ፣ ጭንሽ ላይ፣ ቦታ ቀያይሪ አልኳት።
ኢንሱሊኑን በእንስራ፣ በእርጥብ አሸዋ መሐል
እናቷ ትቀብረዋለች፤ የድሬ ፀሐይ እንኳን መድኃኒት፣ ድንጋይ ያግላል።
ደብተር ሰጠኋት፤ ሰማያዊ ልባስ ያለው፣
ጠዋት ስንት፣ ማታ ስንት፣ ምን በላሽ፤ አንድ ቀን አላጎደለችው።

አምና ቁጥሩ ማበድ ጀመረ።
ያው መጠን፣ ያው እጅ፣ ያው ሰዓት፤ ስኳሩ ግን ሲወድቅ አደረ።
አርባ ሁለት። ሠላሳ ስምንት። ከሒሳብ ፈተና መሐል
ላብ አጥምቋት፣ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ፣ ባጃጅ ይዟት ይመጣል።
"ምሳ ሳትበይ ወግተሽ ነው" ብዬ ተቆጣኋት።
"በልቻለሁ" አለች።
"ዋሽተሻል" አልኳት።

(ያችን ቃል እስከ ዛሬ አልዋጥኳትም።)

ሆዷ ይነፋል። አሜባ አልኩ፤ ሰጠሁ። ጃርዲያ አልኩ፤ ሰጠሁ። ወስፋት።
ያገራችን ሆድ ሲከሰስ ምስክር አይጠራለት፣
ፍርዱ ቀድሞ በማዘዣ ወረቀት የታተመለት።
የደም ማነስ ኪኒን ሰጠሁ፤ ኪኒኑም እንደ ምግቡ
ገብቶ ወጣ። ጉንጮቿ ይባስ ወደ ውስጥ ገቡ።

ቶፊቅ ክንዱ እስከ ክርኑ ዱቄት፣
ከምድጃው የወጣውን የመጀመሪያ ዳቦ ለሷ ይለያል፣ ለብርታት።
"ዳቦ ቤት ተወልዳ እንዴት ትከሳለች?"
እሷም ለአባቷ ስትል ቆርሳ፣ ደግማ ቆርሳ ትበላለች።

አንድ ማክሰኞ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በመስኮት ብርሃን
ደብተሯን ገለጥኩ፤ ቁጥሩን ትቼ አነበብኩ የበላችውን።

ዳቦ። ማካሮኒ። ዳቦ። ፈቲራ። ሳምቡሳ። ዳቦ።
ከዚያ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጃርሶ፣ አክስቷ ዘንድ፦
ማሽላ። ማሽላ። በቆሎ። ማሽላ በወተት።
እዚያ ቁጥሩ አልወደቀም። አንድም ቀን።

ለካ መርፌው ሰዓቱን አክብሮ ደርሶ
እንግዳ ይጠብቅ ኖሯል፤ እንግዳው ከበር ተመልሶ።
ቆሽቷን በሰባት ዓመቷ ያሳረረው የገዛ ዘበኛዋ
አንጀቷንም ሲበላው ኖሯል፤ አንድ ሌባ፣ በሁለቱ ጓዳዋ።
እኔ አንዱን በር ስጠብቅ።

ደሟን በበረዶ ሣጥን ለአዲስ አበባ አውቶብስ ረዳት
አደራ ብዬ ሰጠሁ። ውጤቱ አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀበት።
እስከዚያ ግን "ዳቦውን እንዳታቆሙ" አልኩ፤ "ስንዴ ካቆመች
ዱካው ይጠፋል፣ ምርመራው ይዋሻል።" እናቷ ዝም ብላ አየችኝ፤ ተነሥታ ሄደች።
መርዙን ጠርጥሬ "ብዪ" ማለት፤
እንዲህ ያለ ማዘዣ ጽፌ አላውቅም፣ ከዚያች ዕለት በፊት።

ወረቀቱ መጣ። ሐረር ወሰዷት፤ ቱቦ አስገብተው
ከአንጀቷ ቆንጥረው አዩ፤ ምንጣፉ ሁሉ ተላጭቶ አገኙት፣ ሜዳ ሆኖ ነው።

ለቶፊቅ የነገርኩት ቆሜ ነበር።
"ስንዴ" አልኩ። "ገብስም። የእጅህ ብናኝ ጭምር።"
እጁን አየ። ገልብጦ አየ።
"እኔ ነኝ ያሳመምኳት?"
አይደለህም አልኩ፤ እውነት ነው፤ ግን ድምፄ ዘገየ።

አሁን ማታ ማታ ከደጅ፣ ከቧንቧው ሥር ይታጠባል፣
ሸሚዙን ለውጦ፣ ፀጉሩን አራግፎ፣ ያኔ ልጁን ያቅፋል።

እኔም ስልሳ ሦስት ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ ቆልዬ
የምግቡን ረድፍ አነባለሁ፣ እንደ ጀማሪ ተማሪ፣ በጣቴ ተከትዬ።
ሁለት ልጆች ለደም ጠርቻለሁ። አንዱ አልመጣም።

የረውዳ ደብተር፣ ትናንት፣ በጠማማ ጽሕፈት፦
"ጠዋት መቶ አሥራ ስምንት።
የማሽላ ዳቦ። አባባ ሞክሮ ነው፤ መሐሉ ተሰንጥቋል።
በልቻለሁ።"